ጥቆማውን የሚዘጋው ማን ነው? ስለ ሀዋሳ ቆሻሻና ስለ ስልካችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሀዋሳ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለከተማዋ የጽዳት ሥራ ኃላፊዎች
ለክፍለ ከተማና ለቀበሌ አስተዳዳሪዎች
ግልባጭ፦ ለሀዋሳ ነዋሪ በሙሉ

ጉዳዩ፦ ነዋሪው በስልኩ የሚያቀርበው የቆሻሻ ጥቆማ በራሱ በነዋሪው ማረጋገጫ እንዲዘጋ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፦

ነዋሪው በስልኩ ስለ ቆሻሻ የሚጠቁምበትን ሥርዓት ሀዋሳ ላይ ለመዘርጋት የሚያስፈልገው ቴክኖሎጂ አዲስም ውድም አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከፈረንጆቹ 2007 ጀምሮ «ፊክስ ማይ ስትሪት» የተባለው አገልግሎት የተጣለ ቆሻሻንና የተቦረቦረ መንገድን ሰው ካርታ ላይ አመልክቶ ለሚመለከተው ማዘጋጃ ቤት እንዲልክ አድርጓል። በፈረንጆቹ 2008 ኬንያ ውስጥ በምርጫው ቀውስ ጊዜ የተሠራው «ኡሻሂዲ»ም ከተራ ስልክ የመጣን መልእክት ካርታ ላይ ያሰፍራል። የሁለቱም ኮድ ክፍት ስለሆነ ማንም በነጻ ወስዶ ለራሱ ሊያስተካክለው ይችላል። ስለዚህ መተግበሪያ አሠሩ ብለን አይደለም የምንጽፍላችሁ። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ «ተፈትቷል» የምትለዋን ቁልፍ የሚጫነው ማን ነው?

እንዲህ ያሉ ሥርዓቶች የሚበላሹት እዚች ላይ ነው። ነዋሪው ሞልቶ የፈሰሰ ገንዳ ፎቶ ይልካል፤ ጥቆማው ለሚመለከተው ክፍል ይደርሳል። ክፍሉ የሚመዘነው በዘጋው ጥቆማ ብዛት ከሆነ፣ መኪናው ጋራዥ ቢገባም ነዳጅ ቢጠፋም ወሩ ሳያልቅ «ምላሽ ተሰጥቶታል» ተብሎ ይዘጋል። ሪፖርቱ ያምራል፤ ገንዳው እንደሞላ ነው። ነዋሪው ሁለት ጊዜ እንዲህ ከገጠመው ሦስተኛ አይልክም። ጥቆማው ሲመናመን ደግሞ «ከተማዋ ጸድታለች» የሚል ትርጉም ይሰጠዋል። በዚህ መንገድ ሰዉ ተስፋ መቁረጡ ራሱ እንደ ውጤት ተቆጥሮ ሪፖርት ላይ ይገባል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ጥቆማ አራት ደረጃ ይኑረው እንላለን፦ ደርሷል፣ ተመድቧል፣ ተነሥቷል ተብሏል፣ ተረጋግጧል። ሠራተኛውና አለቃው የሚነኩት እስከ ሦስተኛው ድረስ ነው። አራተኛው የጠቋሚው ነው። የገንዳ መኪናው ሹፌር «አነሣሁ» ሲል ለጠቋሚው አንዲት አጭር መልእክት ትሄዳለች፦ «ገንዳ 3177 ተነስቷል? አዎ ከሆነ 1፣ ካልሆነ 2 ብለው ይመልሱ።» በ24 ሰዓት ውስጥ 1 ከመጣ ይዘጋል። 2 ከመጣ ጉዳዩ ወደዚያው ቡድን አይመለስም፤ ወደ ክፍለ ከተማው ኃላፊ ይወጣል። መልስ ካልመጣ «ያልተረጋገጠ» ተብሎ ለብቻው ይቆጠራል እንጂ ከተፈቱት ጋር አይደመርም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተመለሰ ጥቆማ ሰዓቱ ከዜሮ አይጀምርም። ሰኞ ጠዋት የተጠቆመ፣ ማክሰኞ በሐሰት ተነሥቷል የተባለና ረቡዕ የተመለሰ ጉዳይ ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ ያለውን ዕዳ ይዞ ነው መታየት ያለበት። ይህች ደንብ ከሶፍትዌሩ ውስጥ ከወጣች የቀረው ሁሉ ለይስሙላ ይሆናል።

የገንዳ ቁጥር ከላይ ስለጠቀስን እሱን እናብራራ፤ ብዙ ነገር የሚያርፈው እሱ ላይ ነውና። ነዋሪ ቦታን የሚገልጸው «ከፋርማሲው ጀርባ»፣ «አስፋልቱ ሲያልቅ» እያለ ነው። ለሰፈር ሰው ይበቃል፤ ለኮምፒውተር አይበቃም። እያንዳንዱ ገንዳ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ቢኖረው ችግሩ ይቃለላል። የመጀመሪያው አኃዝ ክፍለ ከተማውን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ የገንዳውን ተራ ያሳያሉ፤ አራተኛው መፈተሻ ነው። መፈተሻው የሚገኘው የመጀመሪያውን አኃዝ በ7፣ ሁለተኛውን በ3፣ ሦስተኛውን በ9 አባዝቶ በመደመር ነው፤ የድምሩ የመጨረሻ አኃዝ ይወሰዳል። ለ317 ድምሩ 21 ሲደመር 3 ሲደመር 63፣ ማለትም 87 ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ 3177 ይሆናል። አንድ ሰው ተሳስቶ 3717 ቢጽፍ ስሌቱ 51 ይመጣል፣ መጨረሻውም 1 እንጂ 7 አይሆንም። ሥርዓቱ ወዲያው «ቁጥሩን እንደገና ይመልከቱ» ይላል፤ መኪናም የተሳሳተ ሰፈር አይሄድም።

ቁጥሩ በወረቀት ተለጣፊ አይሁን። ፀሐይ በጥቂት ወራት ያደበዝዘዋል፣ ዝናብ ይልጠዋል። በካሜራ በሚነበበው አራት ማዕዘን ጥቁር ኮድ (QR) ላይ ብቻ መተማመንም አያዋጣም፤ ጥግ ላይ ትንሽ ጭቃ ከደረቀበት ካሜራ ለማንበብ ይቸገራል፣ ካሜራ የሌለው ስልክ የያዘ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ይቀራል። የብረት ሳህን ላይ በመዶሻ የተመታ ወይም በብየዳ የተጻፈ፣ ቁመቱ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁጥር፣ በሁለቱ ጎኖች ከላይኛው ጠርዝ ሥር ይሁን። ከታች ከሆነ ዙሪያው ላይ የተከመረው ፌስታልና ማዳበሪያ ይሸፍነዋል። ቀለም ብቻ ከሆነ ደግሞ ገንዳው ውስጥ እሳት በተለኮሰ ቀን ይላጣል። ገንዳ ለጥገና ሄዶ ሌላ ሲተካ ቁጥሩ ከቦታው ጋር ይቅር ወይስ ከገንዳው ጋር ይሂድ የሚለው አስቀድሞ ይወሰን። እኛ ከቦታው ጋር ይቅር እንላለን፤ ሳህኑ በብሎን የሚታሰር ከሆነ ቀላል ነው።

ቁጥሩ ሲኖር ጥቆማ ለዕቅድ ይጠቅማል። ባለ 8 ሜትር ኩብ ገንዳ ውሰዱ። ያልተጠቀጠቀ የቤት ቆሻሻ በሜትር ኩብ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል ብንል 2,400 ኪሎ ይይዛል። የዓለም ባንክ በፈረንጆቹ 2018 ባወጣው ሪፖርት ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች በሰው በቀን በአማካይ 0.46 ኪሎ ቆሻሻ ይመነጫል ብሏል። አምስት ሰው ያለበት ቤት 2.3 ኪሎ ነው፤ 350 ቤት የሚጠቀምበት ገንዳ በቀን 805 ኪሎ ይቀበላል፣ በሦስት ቀን ይሞላል። ይህ ገንዳ በፕሮግራም ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚነሣ ከሆነ በየሳምንቱ ከሐሙስ ጀምሮ መሬት ላይ ይፈሳል። ስለ ገንዳው በተከታታይ ሳምንታት ሐሙስና ዓርብ ጥቆማ ከመጣ ጥፋቱ የሹፌሩ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ነው የሚስተካከለው። በክረምት ቆሻሻው ውሃ ስለሚጠጣ ገንዳው ሳይሞላ መኪናው ሊያነሣው የሚችለው ክብደት ላይ ይደርሳል። ለታኅሣሥና ለሐምሌ ገብርኤል፣ ለፍቼ ጨምበላላ፣ ለፋሲካ ደግሞ የተለየ ምልልስ ካልታሰበ የማንም ስልክ አያድንም።

አሁን ነዋሪው በምን ይጠቁም ወደሚለው እንምጣ። መተግበሪያ ብቻ ከሆነ ዳታ የሌለው፣ ስልኩ የሞላበት፣ ተራ ስልክ የያዘ ሁሉ ይቀራል፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገንዳ የራቃቸው ሰፈሮች ነዋሪዎች ናቸው። ሂሳብ ለማየት *804# እንደምንደውለው ሁሉ፣ በኮከብና በመሰላል የሚከፈት፣ ያለ ዳታ የሚሠራ አጭር ቁጥር ዋናው በር ይሁን። ቁጥሩ በኢትዮ ቴሌኮምም በሳፋሪኮምም እኩል ይሥራ፤ ወጪው የከተማዋ ይሁን። ከዚያ በታች ሚስድ ኮል አለ፦ ነዋሪው ይደውላል፣ መስመሩ ይዘጋል፣ ሥርዓቱ መልሶ ደውሎ በድምፅ «የገንዳውን ቁጥር ይጫኑ» ይላል። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ከዚህ የተሻለ የለም። ስማርት ስልክ ላለው የቴሌግራም ቦት፣ ማለትም ቴሌግራም ውስጥ በራሱ የሚመልስ አገልግሎት ይበቃል፤ ሰው አዲስ ነገር እንዲጭን መለመን አያስፈልግም።

የአማርኛ መልእክት ርዝመት በተለይ ይታሰብበት። በላቲን ፊደል የተጻፈ አጭር የጽሑፍ መልእክት እስከ 160 ምልክት ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። ከ70 ካለፈ በየ67 ተቆራርጦ እንደ ብዙ መልእክት ይላካል፣ እንደ ብዙም ያስከፍላል። በኮከብ የሚከፈተው ማውጫም በአማርኛ በአንድ ገጽ 80 ምልክት ገደማ ነው የሚይዘው። ከላይ የጻፍናት የማረጋገጫ ጥያቄ ከነክፍተቷ 42 ምልክት ናት፤ አንድ መልእክት ትበቃታለች። «ክቡር ደንበኛችን፣ ላደረጉልን ትብብር ከልብ እያመሰገንን» ተብሎ የሚጀመር መልእክት ግን በጀት ከመጨረሱም በላይ ዋናው ጥያቄ ሁለተኛው ቁራጭ ላይ ይቀራል። አንዳንድ የቆዩ ተራ ስልኮች የግዕዝን ፊደል ባዶ ሳጥን አድርገው ስለሚያሳዩ ነዋሪው አንድ ጊዜ መርጦ በድምፅ የሚቀበልበት አማራጭ ይኑር። ሲዳምኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከአማርኛው እኩል ይግባ፤ በላቲን ስለሚጻፍ 160ውን ምልክት ይጠቀማል፣ በማንኛውም ስልክም ይነበባል።

ባለሙያ ከውጭ ሲመጣ የሚያመልጡት ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ሰዓት ነው። ሰርቨሩ (መረጃው የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) 08:00 ብሎ የመዘገበውን ሠራተኛው ከቀኑ 8 ሰዓት ወይም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ ነዋሪው «2 ሰዓት ላይ ነው የጠቆምኩት» ሲል ሰርቨሩ ሌላ ይላል። ለሰው የሚታየው ሁሉ በእኛ አቆጣጠር «ጠዋት»፣ «ማታ» ተብሎ ይጻፍ፤ የውስጥ መዝገቡ እንደፈለገ ይሁን። ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። «ሀይቅ ዳር»፣ «ሐይቅ ዳር»፣ «ኃይቅ ዳር» ተብለው የገቡ ጥቆማዎች ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ሰፈሮች ናቸው። ፍለጋውም ቆጠራውም ከመደረጉ በፊት ሀ፣ ሐ፣ ኀና ኃ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ወደ አንድ ይመለሱ። ከተቻለ ግን ስም ከመጻፍ ይልቅ ከዝርዝር ማስመረጥ ይሻላል።

ፎቶና ጂፒኤስን በተመለከተ ጥቂት ቃል። የስልክ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋ ባይት ነው፤ ስፋቱ ወደ 1,280 ፒክስል ሲቀነስ ለማስረጃ የሚበቃ ሆኖ ከ300 ኪሎ ባይት ገደማ አይበልጥም። ቴሌግራም ፎቶ ሲያሳንስ በፎቶው ውስጥ የተቀመጠውን የቦታ መረጃ ስለሚያጠፋው ቦታው በተለየ ቁልፍ ይጠየቅ። ስልክ ጂፒኤሱን ገና ሲከፍት ቦታውን በብዙ አሥር ሜትር ሊስት ስለሚችል ስህተቱ ከ15 ሜትር በታች እስኪወርድ ይጠብቅ። የቦታው አኃዝ ወደ ኤክሴል ተገልብጦ ወደ ሁለት ዴሲማል ከተጠጋጋ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ልዩነት ሊፈጠር ይችላል፤ በአራት ዴሲማል ግን ልዩነቱ ከ11 ሜትር በታች ነው። ሀዋሳ 7.06 በሰሜን፣ 38.48 በምሥራቅ ላይ ናት። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ተቀያይረው ሲገቡ ጥቆማው ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይወድቃል። ከከተማዋ ወሰን ውጭ ያለን ነጥብ የማይቀበል አንድ መስመር ኮድ ይህን ያስቀራል።

ሃያ ሰው ስለ አንድ ገንዳ ቢጠቁም ሃያ ሥራ አይፈጠር። በ30 ሜትር ክልልና በ48 ሰዓት ውስጥ የመጡት አንድ ላይ ይጠቃለሉ፤ ሃያ መሆናቸው ግን ይመዝገብ፣ ማረጋገጫውም ለሃያዎቹም ይሂድ። ከመካከላቸው ሦስቱ «አልተነሣም» ካሉ ጉዳዩ ክፍት ይቆይ።

ሁሉም ቆሻሻ በአንድ ሰዓት አይለካ። ለሞላ ገንዳ 24 ሰዓት፣ ለሞተ እንስሳ 6 ሰዓት ተገቢ ነው እንላለን። አሞራ ገደል አካባቢ የሚወጣው የዓሣ ጭንቅላትና አጥንት በሙቀት በሰዓታት ውስጥ ስለሚሸት ማታ ሳያድር በዕለቱ ይነሣ። መርፌና የሕክምና ቆሻሻ ከተጠቆመ በገንዳ መኪና አይነካም፤ ወደ ጤና ባለሙያ በስልክ ይተላለፍ፣ ለጠቋሚውም «አይንኩት፣ ልጆችን ያርቁ» የሚል መልስ ወዲያው ይሂድለት። ከሁሉ በፊት ልናስቀድምላችሁ የምንፈልገው ግን ወደ ሀይቁ የሚወርዱትን ዲቾች (የጎርፍ መውረጃ ቦዮች) ነው። የሀዋሳ ሀይቅ የሚታይ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባበታል፣ የከተማዋ ጎርፍ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም፤ የገባ ፕላስቲክ እዚያው ይኖራል። ስለዚህ እነዚህ ዲቾች በካርታው ላይ በተለየ ቀለም ይታዩ፤ ደረቅ ሳሉ 48 ሰዓት፣ ዝናብ ከጀመረ 12 ሰዓት ይሰጣቸው።

ሥራው በሰዓቱ ሳይሠራ ሲቀር ሹፌሩ ምክንያቱን ከአጭር ዝርዝር ይምረጥ፦ መኪና ተበላሽቷል፣ ነዳጅ የለም፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ገንዳው ፊት መኪና ቆሟል፣ ገንዳው እየነደደ ነው፣ የቆሻሻ መድፊያው ቦታ በጭቃ ምክንያት አያስገባም። ከጠቅላላው ሥርዓት የበለጠ ዋጋ ያለው መረጃ ይህ ነው ብለን እናምናለን። በሁለት ወር ውስጥ ከመዘግየቱ ምን ያህሉ የነዳጅ፣ ምን ያህሉ የመለዋወጫ እንደሆነ በቁጥር ይታወቃል፤ በጀት ሲጠየቅም በእጅ የሚያዝ ማስረጃ ይኖራል። «ሌላ» የሚል አማራጭ አይግባ፤ ከገባ ሁሉም እሱን ይመርጣል።

ገንዳ ከመንገድ ዳር ጠፋ ማለት ቆሻሻው መድረሻው ላይ ደረሰ ማለት አይደለም። መድፊያው በር ላይ ያለ ሠራተኛ የገባውን የገንዳ ቁጥርና ሰዓት በስልኩ ይመዝግብ። «ተነሣ» የተባሉትና «ገባ» የተባሉት በየምሽቱ ይመሳከሩ፤ ልዩነት ካለ የሆነ ቦታ ተደፍቷል ወይም ምልልሱ አልተደረገም። አዲስ አበባ ቆሼ ላይ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የተቆለለው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። መድፊያ ላይ ምን ያህል እንደሚከመር መቁጠር የጽሕፈት ሥራ ብቻ ሆኖ የሚታይ አይደለም።

ስለ ሰብሳቢ ማኅበራቱ ደግሞ እንለምናችኋለን። በባጃጅና በአህያ ጋሪ ከቤት ወደ ገንዳ የሚያመላልሱት፣ ጎህ ሳይቀድ አስፋልት የሚጠርጉት እናቶችና ወጣቶች ጥቆማው የሚወድቅባቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ይሆናሉ፤ መኪና ባለመምጣቱ ግን እነሱ አይጠየቁም። በጥቆማ ብዛት ደሞዝ የሚቆረጥ ከሆነ ሰዉን «አትጠቁሙብን» እያሉ መለመን ይጀምራሉ፣ ይህም አይፈረድባቸውም። ይልቁን ዋና ጠቋሚዎች ይሁኑ፤ ገንዳው መሙላቱን ከማንም ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሞልቶ አግኝተው ከጠቆሙ በኋላ ዙሪያው ለሚከመረው ተጠያቂነቱ ከእነሱ ላይ ይነሣ።

የጠቋሚው ስልክ ቁጥር ለሹፌርም፣ ለማኅበርም፣ ለቀበሌም አይታይ። ጎረቤቱ ሌሊት የግንባታ ፍርስራሽ ሲደፋ ያየ ሰው ስሙ ይወጣል ብሎ ከሰጋ ዝም ይላል። ቁጥሩ ተመስጥሮ ይቀመጥ፣ ማን መቼ እንዳየው ይመዝገብ፣ ጉዳዩ ከተረጋገጠ ከ90 ቀን በኋላ ይጥፋ። በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ጥበቃ ግዴታ ስለሆነ ይህ በጎ ፈቃድ ላይ የሚተው አይደለም። ለሕዝብ በሚወጣ ፎቶ ላይ ፊትና የመኪና ታርጋም ይሸፈን።

ተጠያቂነት የሚመጣው ቁጥሩ ሲወጣ ነው። በየሳምንቱ ሰኞ ለእያንዳንዱ ክፍለ ከተማ አንድ ገጽ ይለጠፍ፤ በቴሌግራም ቻናልም፣ በየቀበሌው ሰሌዳም። የደረሰ፣ በጊዜው ተነሥቶ የተረጋገጠ፣ ዘግይቶ የተነሣ፣ ያልተረጋገጠ፣ ተመላሽ የሆነ። አማካይ ሰዓት አይጻፍ። አምስት ጥቆማዎች በ4፣ በ6፣ በ9፣ በ11 እና በ240 ሰዓት ቢፈቱ አማካዩ 54 ይሆናል፤ ከአምስቱ አንዱም 54 ሰዓት አልፈጀም። በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ ያለውን 9 እና የባሰውን 240 ጎን ለጎን ማውጣት ይሻላል። 240 የሆነው የትኛው ገንዳ እንደሆነም በቁጥሩ ይጠራ።

ጥቆማ ያልመጣበት ሰፈር ንጹሕ ነው ተብሎ አይታሰብ። ስልክ በበዛበት መሃል ከተማ ጥቆማ ይበዛል፤ ዳር ላይ ያሉት ቀበሌዎች ዝም ይላሉ። መኪናው ጥቆማ ተከትሎ ብቻ ከሄደ የተሻለ የሚኖረው የተሻለ ያገኛል። ለዚህ መድኃኒቱ ዕጣ ነው። በየሳምንቱ 10 ገንዳ በዕጣ ይውጣ፤ ከጽዳት ክፍሉ ውጭ ያሉ ሰዎች፣ ለምሳሌ በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ጤና ተማሪዎች፣ በአካል ሄደው ይዩ። ያዩት ከነዋሪው ጥቆማ ጋር ጎን ለጎን ይውጣ። ከ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ጀምሮ ሕጉ ነዋሪው በዕቅዱም በሥራውም እንዲሳተፍ ይላል፤ ይህ መሳተፊያው ነው።

ከመላው ከተማ ጋር አትጀምሩ። ሀይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ላይ፣ በ40 ገንዳ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ለ12 ሳምንት ይሞከር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሳህን መለጠፍ፣ ቦታ መመዝገብና ሹፌሮችን ማለማመድ ናቸው፤ ለሕዝብ ማስታወቂያ አይነገር። አጭሩ ቁጥር የሚነገረው የሚመጡትን ጥቆማዎች የሚያስተናግዱ አንድ አስተባባሪና በፈረቃ የሚሠሩ ሁለት የስልክ ሠራተኞች ወንበራቸው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው። መብራት ሲጠፋ ጥቆማ እንዳይጠፋ መዝገቡ ቢሮ ባለ ኮምፒውተር ላይ አይቀመጥ፤ የሹፌሮቹ ስልኮችም ኔትወርክ ሲመለስ የሚልኩ ይሁኑ። በዚህ መንገድ ስህተቱ በበጋ ታይቶ እስከ ሰኔ ይታረማል፤ ዲቹ ሲሞላ መማር ይዘገያል።

ከእናንተ የምንጠይቀው የጽሑፍ ውሳኔ በሦስት ነገር ላይ ነው። ጥቆማ በጠቋሚው ማረጋገጫ እንጂ በክፍሉ አይዘጋም የሚለው በከተማው መመሪያ ውስጥ ይግባ። የሳምንቱ ገጽ ያለማንም ቅድመ ፈቃድ በራሱ እንዲወጣ ይታዘዝ። ከሚሠራው ድርጅት ጋር በሚፈረመው ውል ላይ ደግሞ አጭሩ ቁጥር፣ መረጃው፣ ኮዱና የይለፍ ቃሎቹ በከተማ አስተዳደሩ ስም እንደሚመዘገቡ፣ ውሉ ሲያልቅም በ30 ቀን ውስጥ ሙሉ ቅጂ እንደሚረከብ ይጻፍ። ይህች አንቀጽ ከቀረች ፕሮጀክቱ ያለቀ ዕለት የ40ው ገንዳ ታሪክ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ይሄዳል።

የመረጃ ቅጹን፣ የሳህኑን ንድፍና የመልእክቶቹን ረቂቅ በአማርኛና በሲዳምኛ አዘጋጅተን ያለ ክፍያ ለማስረከብ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በሀዋሳ የምንሠራ የአካባቢ ጤና፣ የካርታ ሥራና የሶፍትዌር ባለሙያዎች